ለፓርኪንሰን ሌሊት ገንዘብ ያወጣንባቸው ነገሮች፦ የቱ ይረባል፣ የቱ አይረባም

መጀመሪያ ፍርዱን ላስቀምጠው፤ ጊዜ የሌለው ሰው ከዚህ አንቀጽ በኋላ ወደ ሥራው ይሂድ። ቤታችሁ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ካለና ሌሊቱ አልሆን ካለ፣ ሰዓት፣ ትራስና ክኒን መሸመት ከመጀመራችሁ በፊት የእንቅልፍ ምርመራ አሠሩ። እዚህ አሜሪካ «ስሊፕ ስተዲ» የምንለውን፣ ላቦራቶሪ ታድሮ የሚደረገውን ማለቴ ነው። አገልግሎቱ ብዙ ይጎድለዋል፣ ወረድ ብዬ እናገራለሁ። ቢሆንም ከከፈልንበት ነገር ሁሉ በጣም የረባን እሱ ነው። ሁለተኛው ከ30 ዶላር በታች የተገዛ የሳቲን ጨርቅ ነው። ስማርት ሰዓቱን ተዉት።

አባባ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል። አሁን ከእማዬ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት፤ እኔም እዚያው ሕንፃ ላይ ነኝ። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል፣ መንቀጥቀጡም በመድኃኒት ጋብ ብሏል። ያስቸገረን ሌላ ነው። ቀን ላይ ወሬ ጀምረው መሃል ላይ ይጠፋቸዋል። የቤት ኪራይ ቼክ ይዘው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ዜና እያዩ ያሸልባሉ፣ ሲነቁ ማለዳ ይሁን ማታ ይምታታባቸዋል። ዘመድ ሁሉ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» አለ። እማዬ ብቻ ናት «ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያደረ ሰው ቀን ምን ልብ ይኖረዋል?» ያለችው። ልክ ነበረች፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓርኪንሰን «እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አቤቱታ አንድ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ያለው ብዙ ነው። ማታ የተወሰደው ሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) እኩለ ሌሊት ላይ ኃይሉ ያልቅና ሰውነት ግትር ይላል፤ ሰውየው መገላበጥ አቅቶት በአንድ ጎኑ እንደተጋደመ ያነጋል። ሽንት ደጋግሞ ያስነሳል። ትንፋሽ በእንቅልፍ መሃል ይቆራረጣል። ሕልም በእጅና በእግር ይሠራል። መድኃኒቶቹ ራሳቸውም አሉበት፦ አማንታዲን ወይም ሴሌጂሊን አመሻሽ ላይ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፤ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ደግሞ በተቃራኒው ቀን ላይ ድንገት ጭልጥ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ መኪና እየነዱ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች አሉ። ጭንቀትና ድብርትም ድርሻቸውን ያነሳሉ። ሌሊቱ እንዲህ ሲበላ ቀን ላይ ዕዳውን የሚከፍለው ጭንቅላት ነው፣ በተለይ ትኩረትና ነገርን በቅደም ተከተል የማሰብ ችሎታ። እነዚህን ደግሞ ፓርኪንሰን ራሱ፣ እንቅልፍ ደህና ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞ የሚነካቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ይደራረባሉ።

ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ስለ በሽታው ሲጽፍ የእንቅልፍን መረበሽ አንስቶ ነበር። ከ200 ዓመት በኋላም ቀጠሮ ላይ የሚጠየቀው «እጅዎ እንዴት ነው?» ነው። እናንተ ራሳችሁ ካላነሳችሁት እንቅልፍ ሳይነሳ ትወጣላችሁ።

እሺ፣ ወደ ላቦራቶሪው። ስም አልጠራም፤ የምላቸው ቅሬታዎች ሌሎችም ጋ ሊኖሩ ይችላሉ።

ምርመራውን ያዘዘው ኒውሮሎጂስቱ፣ የነርቭ ሐኪሙ ነው። ሐኪም ካዘዘው ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአዛውንት የጤና መድን፣ ይሸፍናል፤ ፓርት ቢ በሚባለው ክፍሉ የዓመቱን ዲዳክቲብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን) ከጨረሳችሁ በኋላ 20 በመቶው በእናንተ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። «ማሽኑን ቤት ውሰዱና እዚያው ተኙበት» የሚል አማራጭ ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱ በዋናነት ትንፋሽንና ኦክስጅንን ነው የሚያየው። የአንጎል ሞገድና የጡንቻ ሁኔታ ስለማይመዘግብ በሕልም መታገልን አይለይም። ለፓርኪንሰን ሰው ላቦራቶሪ ማደሩ ነው የሚያዋጣው፣ ተከራከሩ።

ቦታው ሆስፒታል አይመስልም። የቢሮ ሕንፃ ነው፣ ክፍሉ የመካከለኛ ሆቴል ክፍል ነው፦ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ካሜራ። ቴክኒሻኗ መጣችና የአባባን ጠጉር በትንሽ ማበጠሪያ እየከፈለች፣ ቆዳውን በሻካራ ጄል እያሸች፣ እንደ ቂቤ የሚወፍር ነጭ ማጣበቂያ በጣቷ እየቀባች ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለጠፈች። ጭንቅላት ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ አገጭ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ሁለቱም ቅልጥሞች ላይ። አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ደረትና ሆድ ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ። ብዙ ጊዜ ይወስዳል። አባባ ዝም ብለው ቆዩና ወደኔ ዞር ብለው «በዚህ ሁሉ ሽቦ ኢቲቪ ይይዝልኛል?» አሉኝ። ስተረጉምላት ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ በኋላ ተግባቡ።

ከሽቦዎቹ ሁሉ ለኛ ቁም ነገር የሆነችው የአገጯ ናት። ጤነኛ ሰው ሬም የሚባለው የሕልም እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ ጡንቻው ይፈታል። በሕልሙ ቢሮጥም እግሩ አይሮጥም። ብዙ የፓርኪንሰን ሕሙማን ጋ ይሄ መቆለፊያ ይላላል፣ ሕልሙ ወደ ሰውነት ይወጣል፤ ያኔ የአገጭ ጡንቻ መፈታት ሲገባው ተወጥሮ ይታያል። ይሄን ችግር በ1986 ለይተው የጻፉት ሚኔሶታ ያሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ ናቸው። በጣም የሚገርመው መንቀጥቀጡ ሳይመጣ ከዓመታት በፊት ሊጀምር መቻሉ ነው። በ2019 በወጣ፣ 24 ማዕከሎችና 1,280 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ይሄ የሕልም ችግር ብቻውን ከነበረባቸው ሰዎች በ12 ዓመት ውስጥ 73.5 በመቶ ያህሉ ፓርኪንሰን ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ የአንጎል በሽታ እንደሚይዛቸው ተገምቷል። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ቀዝቀዝ ብላ «እኔማ ገና ታክሲ ሲነዳ ጀምሮ ነው በእንቅልፉ የሚመታኝ» አለች።

እውነቷን ነው። አባባ ሕልማቸው ውስጥ አሁንም መሪ ላይ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ያዞራሉ፣ ፍሬን ይረግጣሉ፣ «ቁም! ቁም አንተ!» ብለው ይጮኻሉ። ቀን ላይ ድምፃቸው ከመሳሳቱ የተነሳ ስልክ ላይ አይሰሙም፤ ሌሊት ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳሉ። ይሄም ተጠንቷል፣ ቀን ላይ የተያዘው እንቅስቃሴና ድምፅ በሕልም ጊዜ ፈጠንና ጠንከር ብሎ ይወጣል። በቴሌፎን የቀረጽነውን ቪዲዮ ለኒውሮሎጂስቱ ስናሳየው ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዘው። ላቦራቶሪ በሌለበት አካባቢ ያላችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁም፣ ቢያንስ ይሄን አድርጉ። ነጻ ነው፣ ሐኪሙም ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ያምናል።

አሁን ቅሬታው። ከቀጠሮ በፊት የሚሞላው ቅጽ ረጅም ነው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። አስተርጓሚ ቢጠየቅም በታብሌት የሚመጣው አስተርጓሚ መስመሩ እየተቆራረጠ መጨረሻ ላይ እኔው ተረጎምኩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ እዚያ ግን እንደ ውለታ ነው የሚያዩት። ክፍሉ ይበርዳል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የእነሱ ነው፣ ሰውየው ቤቱ መቼ እንደሚተኛ የጠየቀ የለም። ከሁሉ ያናደደኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። የአባባ ሌቮዶፓ በሰዓቱ ካልተወሰደ ከአልጋ መነሳት አይችሉም፤ ቦታው ግን መድኃኒት አይሰጥም፣ ይዞ መምጣትና ራስ መውሰድ ነው። ይሄን የነገረን የለም። እኔ በልማድ ከቦርሳዬ ስለማልለየው ነው እንጂ ጉድ ይፈላ ነበር። አስታማሚ አብሮ ማደር እንደሚችልም ደውዬ ስጠይቅ ነው የተነገረኝ። ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው «ጨርሰናል» ይላሉ፣ ማጣበቂያው ከጠጉር የሚለቀው ቤት ገብቶ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ሲታጠብ ነው። ውጤቱ ደግሞ ሳምንታት አስጠበቀን።

ቢሆንም ውጤቱ መጣ፣ መገመትም አበቃ። ሦስት ነገር ተገኘ። በሕልም ጊዜ ጡንቻው አይፈታም። በጀርባ ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ ግን ቀላል ነው፣ በጎን ሲተኙ ይሻላል፣ ስለዚህ ለጊዜው ሲፓፕ የሚባለው የአፍንጫ ማሽን አላስፈለገም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ደጋግመው ይነቃሉ፣ እሱም የሌቮዶፓው ማለቅ ነው። ሐኪሙ የመኝታውን ሌቮዶፓ ቀስ ብሎ በሚለቀው ዓይነት ቀየረው፣ አማንታዲኑን ወደ ጠዋትና ቀትር አመጣው፣ ለሕልሙ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ጨመረ። ለሕልሙ ከድሮ ጀምሮ የሚሰጠው ክሎናዜፓም ነበር፤ መርሳትና መውደቅ ለሚያሰጋቸው አዛውንት ግን ጭንቅላት ያደበዝዛል፣ ሚዛን ያስታል፣ ትንፋሽንም ያባብሳል ብሎ ተወው። ይሄ የአባባ ነው፣ የናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሜላቶኒን ራሱን የቻለ ግምገማ ይፈልጋል። እዚህ አገር ከቫይታሚን ጋር ነው የሚደረደረው፣ እንደ መድኃኒት አይቆጣጠሩትም። በ2017 ካናዳ ውስጥ 31 ዓይነት ሜላቶኒን ተመርምሮ፣ ከተጻፈበት መጠን 83 በመቶ የጎደለም፣ 478 በመቶ የበለጠም ተገኝቷል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ዩኤስፒ ቬሪፋይድ» የሚል ማህተም ያለበትን ብቻ ግዙ። ጣፋጭ ሆኖ እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን ተዉት። ለሕልም ችግር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ3 ሚሊግራም ጀምሮ እየጨመረ ነው፣ ሐኪም እያየው። አባባ አሁንም አልፎ አልፎ «ቁም!» ይላሉ፣ ቡጢው ግን ቀርቷል። እማዬም ወደ አልጋዋ ተመልሳለች።

የሳቲን ጨርቁ። ሙሉ አንሶላ መግዛት አያስፈልግም። ከትከሻ እስከ ዳሌ የሚደርሰውን ያህል በጥጥ አንሶላው ላይ ታነጥፉና ጫፉን ፍራሹ ሥር ትወሽቃላችሁ። የእግር ቦታው ጥጥ ሆኖ ይቅር፣ ተረከዝ የሚቆነጥጠው ነገር ይፈልጋል። የደረቀ ሰውነት ሳቲን ላይ በትንሽ ጉልበት ይዞራል። ፒጃማውን ግን ጥጥ አድርጉት፤ ሳቲን በሳቲን ላይ ከሆነ ሰውየው ሲነሳ ተንሸራቶ መሬት ነው። ለእኔ ይሄ አምስት ኮከብ ነው። ለሁለት ሴንት ጉዳይ ማንም ማስታወቂያ ስለማይሠራለት ነው የማይታወቀው።

የአልጋ መያዣ ብረትም ገዝተናል። ለመነሳት ይረዳል። ግን ተጠንቀቁ፤ በብረቱና በፍራሹ መካከል ክፍተት ካለ ሰው ይሰካበታል፣ ሰዎች የሞቱበት ስለሆነ የተለያዩ ሞዴሎች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርገዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ከተመላሾቹ ዝርዝር ጋር አስተያዩ። በሕልማቸው ለሚታገሉ ሰዎች አልጋውን ዝቅ ማድረግ፣ ጠርዝ ያለውን ኮሞዲኖ ማራቅና ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማድረግ ይቀድማል።

ስማርት ሰዓቱን ወንድሜ ነው ከካሊፎርኒያ የላከው፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ምንም። ሰዓት የእጅ እንቅስቃሴና የልብ ምት አይቶ ነው የሚገምተው። ደርቆ ጣሪያ እያየ የሚያነጋ ሰው ለሰዓት የተኛ ነው። ጠዋት ስልኩ ላይ «ግሩም እንቅልፍ» ብሎ ያወጣል፣ እማዬ ዓይኗ ቀልቶ ወጥ ቤት ቆማለች። ደግሞ አባባ ቁጥሩን እያዩ መጨነቅ ጀመሩ። አወለቅነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰዓቱ አይደለም። በየፋርማሲው ያለሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት፣ ስማቸው ጫፍ ላይ «ፒኤም» የሚል ያለባቸው የማታ ክኒኖች ናቸው። አንዷ ዘመድ በፍቅር ይዛ መጣች። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ነው፣ ቤናድሪል የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ራሱ። አባባ አንድ ማታ ወሰዱ። እንቅልፉስ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሶፋው ላይ የተቀመጡ እንግዶች አሉ ብለው ቡና እንዲቀርብላቸው አዘዙ፤ ሶፋው ባዶ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ፋርማሲስቷ አስረዳችኝ። ይሄ መድኃኒት አሲታይልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ይዘጋል። በፓርኪንሰን ደግሞ እሱ ራሱ ብዙ ጊዜ እየጎደለ ነው፤ ለፓርኪንሰን የመርሳት ችግር በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሪቫስቲግሚን የሚሠራው እኮ ይሄንኑ በመጨመር ነው። እና አንዱን ሐኪም እያዘዘ ሌላውን እኛ ከመደርደሪያ አንስተን ብንሰጥ አንጎላቸው ውስጥ ገመድ ማጓተት ነው። ቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት መሳቢያ ዛሬ ከፍታችሁ የክኒኖቹን ይዘት አንብቡ።

ነጻ የሆኑትንም ላንሳ። የማታውን ቡና ወደ ጠዋት አዛወርነው። ከባድ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ከሥራ መልስ ነው የሚሰበሰበው፤ አሁን እንግዳ ይጠጣል፣ አባባ አቦሉንም ሳይቀምሱ ፈንዲሻ ይበላሉ። እንቅስቃሴም አለ። በ2020 አላባማ ውስጥ በተሠራ ጥናት የፓርኪንሰን ሕሙማን በሳምንት 3 ቀን ለ16 ሳምንት ጠንከር ያለ የክብደት ስፖርት ሲሠሩ እንቅልፋቸው በመሣሪያ ተለክቶ ተሻሽሏል። አባባ ጂም አይወዱም። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር የሚራመዱትን ግን አያስቀሩም፣ ወሬ አለበት።

ጭንቅላቱስ? ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ። ሞካ የሚባል የማሰብና የማስታወስ ፈተና አለ፣ ከ30 ነጥብ የሚታረም፣ ከ26 በታች ሲሆን ሐኪሞች ቆም ብለው የሚያዩት። አባባ ምርመራው ሳይደረግ በፊት ሌላ ክሊኒክ፣ ከምሳ በኋላ፣ እንቅልፍ አጥተው፣ በስልክ አስተርጓሚ ተፈትነው ነበር። ፈተናው ላይ ሰዓት ስለው 11 ከ10 እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። አባባ እርሳሱን ይዘው «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አሉ። ምን ያህል ደህና ጥያቄ ነው! በኛ አቆጣጠር አጭሯ ክንድ 5 ላይ ነው የምትቆመው። አስተርጓሚው ዝም አለ፣ ፈታኟ ተጠራጠረች፣ አባባ 5 ላይ አደረጉት፣ ለክንዶቹ ዜሮ። እንቅልፋቸው ከተስተካከለ በኋላ፣ ጠዋት መድኃኒቱ ሠርቶ እያለ፣ አጠገባቸው በተቀመጠ አስተርጓሚ ሲደገም ነጥቡ ከፍ አለ። ከሰዓቱ ሥዕል ሌላ ቁጥር መቀነሱም፣ ፊደል ሲጠራ ሰምቶ በእጅ መታ ማድረጉም ተሻሽሏል። የቃላት ማስታወሱ ግን እዚያው ነው። ሐኪሙም አልዋሸንም፤ እንቅልፍ የሸፈነው ተገለጠ እንጂ በሽታው ቆመ ማለት አይደለም፣ በየዓመቱ እናየዋለን አለ። ቼኩን አሁን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ፣ እሱንስ እማዬም ታደርገዋለች።

ስለዚህ ፈተናውን ስታስቀጥሩ ጠዋት ይሁን በሉ፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ አስተርጓሚው በአካል ይሁን፣ ሰዓቱም በፈረንጅ መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ኮከብ የግድ ከሆነ፦ ሳቲን አምስት፣ ማህተም ያለው ሜላቶኒን አራት፣ የአልጋ ብረት ሦስት፣ ሰዓት አንድ፣ «ፒኤም» ክኒን ምንም። ለላቦራቶሪው ለቴክኒሻኗና ለውጤቱ ስል ሦስት ሰጥቻለሁ። አራተኛዋን ቅጹን በአማርኛ ሲያዘጋጁና «መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል አንድ መስመር ሲጨምሩበት እጨምራለሁ።